ከዳዊት ወዲያ፣ ከአራተኛ ክፍል ወዲያ

በ2001 ዓ.ም. የቡሄ ማግስት ደብረ ታቦር ነበርኩ። በዋዜማው ጅራፉ ሲጮህ፣ ችቦው ሲነድ፣ ልጆች ከደጅ ደጅ እየዞሩ ሙልሙል ሲለቅሙ አምሽተዋል። መቼም ቡሄ የትም ይከበራል፤ በዓሉና ከተማው በአንድ ስም በሚጠሩበት አገር ሲከበር ግን ይለያል። ጠዋት ደብተርና እስክሪብቶ ከሚሸጥ አንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ፣ ከጉና ግርጌ የመጣ አንድ ገበሬ ልጁን አስከትሎ ገባ።

‹‹አንተ ልጅ፣ ለአምስተኛ ክፍል ስንት ደብተር ይበቃል?››

‹‹አምና ስንት ገዙለት፣ ጋሼ?››

‹‹አራት።››

‹‹እንግዲያው ዘንድሮ እጥፍ ያድርጉት። አስተማሪው በዝቷል።››

‹‹አስተማሪው በዛ ማለት?›› አለ ሰውየው። ባለሱቁ ሳቅ ብሎ አስረዳው። እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምረው አንድ መምህር ነው፤ ከአምስተኛ ጀምሮ ለየትምህርቱ የየራሱ መምህር ይገባል። አባትየው ወደ ልጁ ዞር ብሎ ‹‹አንተ ታውቅ ኖሯል?›› አለው። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። አያውቅም። አራት ዓመት ተምሮ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ምን እንደሚጠብቀው የነገረው ሰው የለም። ለአባትየውም የነገረው የመጀመሪያው ሰው ባለሱቁ ሆነ!

የዚህን ታሪክ መጨረሻ ኋላ አመጣዋለሁ። በዚያች ሱቅ ደጃፍ የከነከነኝ ግን አባትየው አለማወቁ አይደለም። የከነከነኝ ይህ የሆነበት አገር ነው። ለደቡብ ጎንደር ደጋ ሰው ስለ ተማሪ ማስረዳት፣ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ አገር ልጅ ከአንዱ የትምህርት ደረጃ ወደ ሌላው ሲሻገር ምን እንደሚመስል ከማንም በፊት ያውቅ ነበር። ታዲያ የቱ ጋ ጠፋው?

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ይቆጥራል፤ አቡጊዳ ይላል፤ መልእክተ ዮሐንስን ይይዛል። ንባቡን በግዕዝ፣ በውርድ፣ በቁም እያለ ደረጃ በደረጃ ይወጣዋል። የዚህ ሁሉ ማሳረጊያ ዳዊት ነው። ዳዊት የደገመ ልጅ አንባቢ ነው፤ ክርክር የለውም። ይህንን ለማወቅ ደግሞ አባትየው ፊደል መቁጠር አያስፈልገውም ነበር። ምክንያቱም ንባቡ የሚሰማ ነገር ነው። ልጁ ዛፍ ሥር፣ ቅጥር ጥግ ተቀምጦ ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው። ውኃ የምትቀዳው እናት ስታልፍ ትሰማዋለች፤ ቤተ ክርስቲያን የሚስመው አባት ይሰማዋል። የኔታም ቢሆኑ ዓይናቸው ባያይ እንኳ ጆሮአቸው ከሩቅ ይይዘዋል፤ ‹‹መልስ!›› ይላሉ። የተሰናከለ ልጅ ሳይታወቅበት ሊያልፍ አይችልም።

ዳዊቱ ሲያልቅ ቤተሰቡ እንደ አቅሙ ይደግሳል። ጠላ ይጠመቃል፤ ለየኔታ ስጦታ ይቀርባል፤ ዘመድ ይጠራል። ይሄ ድግስ ለመብል ብቻ የተደረገ ከመሰለን ተሳስተናል። ድግሱ ለመንደሩ የሚያውጀው ነገር አለ፤ ይህ ልጅ አንዱን ጨርሷል፣ ከዚህ ወዲያ ሌላ ነው። በዚያች ቀን ጥያቄው በግልጽ ይነሣል። ወደ እርሻው ይመለስ ወይስ ይቀጥል? ለአብዛኛው ልጅ ትምህርቱ እዚያው ያበቃል። የሚቀጥለው ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ስሙ ይታወቃል፤ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት። ድጓ ከሆነ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ዙር አባ፤ ሁለቱም እዚሁ ደቡብ ጎንደር ናቸው። አቋቋም ከሆነ ደብረ ታቦር ራሷ አለች፤ በቀልዳቸው ብቻ የምናውቃቸው አለቃ ገብረ ሃና ለልጃቸው ያስተማሩት አቋቋም ዛሬም በልጁ ስም ‹‹ተክሌ›› ይባላል። (አባት ለልጁ አስተምሮ ትምህርቱ በልጁ ስም ሲጠራ፣ ይሄ ከቀልዱ ይልቅ ሊነገርላቸው የሚገባ አይመስላችሁም?) ቅኔ ያሰኘው ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ይወርዳል። ለየትምህርቱ ሌላ መምህር፣ ለየመምህሩ ሌላ ጉባኤ ነው። ባለሱቁ ‹‹አስተማሪው በዝቷል›› ያለው ነገር ለዚህ አገር አዲስ አልነበረም ማለት ነው።

አሁን አንባቢ ‹‹ድሮማ…›› ብሎ ማቃሰት እንዳይጀምር ቶሎ ልጨምር። ድሮ ጭካኔም ነበር። ስንቱ ልጅ አባቱ ከብት የሚጠብቅለት ሰው እንዳያጣ ‹‹አትሄድም›› ሲለው ሌሊት ጠፍቶ ነው የሄደው! ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ‹‹በእንተ ስማ ለማርያም›› እያለ ሲለምን ውሻ ነክሶታል፤ እከክና ቁንጫ በልቶታል፤ ርቦት ታሞ መንገድ የቀረም አለ። ሁሉም ለሊቅነት አልበቃም። የበቁትን ብቻ እየቆጠርን የቀሩትን መርሳት የታሪክ ወዳጆች የተለመደ ኃጢአት ነው።

ቢሆንም አንድ ነገር ነበረ። አዲሱ ተማሪ ብቻውን አይጣልም። ከእሱ በፊት የመጣ ታላቅ ተማሪ ቀለሙን ያስቀጽለዋል፤ የኔታ ካስተማሩ በኋላ ቁጭ ብሎ እየመለሰ ያስጠናዋል ማለት ነው። ያ ታላቅ የሚያሳየው ቀለሙን ብቻ አይደለም። የትኛው መንደር ውሻው ክፉ እንደሆነ፣ የቷ እናት እጇ እንደሚፈታ፣ ጎጆ እንዴት እንደሚጠገን፣ ሌሊት የኔታ ሲጠይቁ እንዴት እንደሚመለስ ሁሉ ከእሱ ይማራል። በዓላቸውም ይኸው ደብረ ታቦር ነው፤ የአብነት ተማሪዎች ከየመንደሩ እህል ለምነው፣ ጠላ ጠምቀው፣ በዕለቱ አገሬውን ይጋብዛሉ። ዓመት ሙሉ የለመነው ልጅ በዚያች ቀን ጋባዥ ይሆናል።

ሴት ልጅስ? የሴት ልጅ መሻገሪያም በዚያው ዕድሜ ነበር፤ ግን ወደ ዜማ ቤት አልነበረም። ወንድሟ ዳዊት ሲደግም ለእሷ ድግስ ከተደገሰ የሠርግ ነው። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 ካደረገ በኋላም ቢሆን በገጠር አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ ‹‹ደረሰች›› መባሏ በአንድ ጊዜ አልቀረም። ስለዚህ አምስተኛ ክፍል ለወንድ ልጅ የደብተር ጥያቄ ሲሆን ለሴት ልጅ የትዳር ጥያቄ ነበር። በጎረቤት ምዕራብ ጎጃም፣ ይልማና ዴንሳ ወረዳ ሞሰቦ በምትባል ቀበሌ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ‹‹ብርሃነ ሔዋን›› የተባለ መጠነኛ ፕሮጀክት ተሞክሮ ነበር። ለልጆቹ የትምህርት መሣሪያ አሟላ፣ ከወላጆች ጋር መንደር ውስጥ ተቀምጦ ተነጋገረ፣ ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩትም አንዲት በግ ሰጠ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጃገረዶች ዘንድ በትምህርት ገበታ የሚቆዩት ጨመሩ፣ የሚዳሩት ቀነሱ። እኔን የሚገርመኝ በጓ አይደለችም። ወላጁ ቁጭ ብሎ የሚነጋገረው ሰው ሲያገኝ ሐሳቡን መለወጡ ነው።

ደብረ ታቦር ከዘመናዊ ትምህርት ጋር የተዋወቀችውም ከብዙው አገር ቀድማ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ከመከፈቱ ከ40 ዓመታት በላይ በፊት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማው ትንሽ ፈቀቅ ብላ በምትገኘው ጋፋት የአውሮፓ ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው፣ የአገሩ ወጣቶች ፊደልም ሙያም እንዲማሩ አድርገው ነበር። ስለ ጋፋት ስናወራ ሴባስቶፖልን ብቻ እናነሣለን፤ ብረቱ ከልጆቹ በላይ ስም አተረፈ። እነዚያ ልጆች ወላጆቻቸው ምን ተብሎላቸው ይሆን የላኳቸው? ንጉሡ ‹‹ስጡ›› ሲሉ ሰጡ እንጂ ማን ያስረዳቸዋል! ልብ በሉልኝ፣ መንግሥት ልጅን ሲወስድ ወላጅን ያለማማከር ልማድ ያኔም የነበረ ይመስላል፤ ዕድሜውም እንደ ሴባስቶፖል ረዝሟል።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ትምህርት ቤት በየአውራጃው ሲስፋፋ መሻገሪያው ቦታውን እየቀያየረ መጣ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ማስተማሪያ ሆነ፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያበቃና ሰባተኛ ላይ ልጁ በአንድ ክረምት ልዩነት ሁሉን ነገር በእንግሊዝኛ ይማር ጀመር። ስድስት፣ ሁለት፣ አራት የሚባለው አከፋፈል ነበር። በደርግ ዘመን ‹‹ሚኒስትሪ›› የሚባለው ፈተና ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ያለፈው የገጠር ልጅ ከተማ ቤት ይከራያል። ዓርብ ማታ ወደ ቤተሰቡ ይወጣል፤ እሑድ ድርቆሽ፣ ሽሮና በሶ ተሸክሞ ይመለሳል። ሦስት አራት ሆነው በአንድ ክፍል ያድራሉ፤ ተራ ገብተው ወጥ ይሠራሉ። በዚህ መንገድ የተማረ ሰው ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ ጠይቁት። መጀመሪያ የሚነግራችሁ ስለ ሒሳብ ትምህርቱ አይደለም፤ ስለ ስንቁ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አከፋፈሉን ለወጠው። አንደኛ ደረጃ ስምንት ዓመት ሆነና ለሁለት ተከፈለ፤ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የመጀመሪያ ዑደት፣ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ሁለተኛ ዑደት። በመጀመሪያው ዑደት አንድ መምህር ሁሉን ያስተምር ነበር። ልጁ አምስተኛ ሲገባ የሚያውቀው ‹‹አካባቢ ሳይንስ›› ለሁለት ተሰንጥቆ የተቀናጀ ሳይንስና ኅብረተሰብ ሳይንስ ይሆንበት፣ ሥነ ዜጋ ይጨመር፣ ደወል በተደወለ ቁጥር ሌላ ፊት ይገባ ነበር። እናቱን የሚያውቅ፣ ‹‹ትናንት ለምን ቀረህ?›› ብሎ የሚጠይቅ አንድ መምህር ነበረው፤ አሁን ብዙ መምህራን አሉት፣ የሚጠይቀው ግን ላይኖር ይችላል። ይሄ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ!

መንገዱም አለ። ትምህርት ለሁሉም እንዲዳረስ ሲባል ገደል ለገደል በተበተነው መንደር ሁሉ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ የሚያስተምሩ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ደግ ሥራ ነው። ግን አራተኛን የጨረሰ የስማዳ ወይም የጋይንት ልጅ አምስተኛ ክፍልን ለማግኘት ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገት ወጥቶ ሌላ ቀበሌ መሄድ አለበት። ክረምት ላይ ወንዙ ይሞላል፤ ኅዳር ላይ አጨዳው ይጠራል። እሱ ደግሞ በዚያው ዓመት ጉልበቱ ለሥራ የደረሰበት ዕድሜ ላይ ነው። አባትየው በልቡ ሲያሰላው አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ ቢሄድ የሚጎድል ነገር የለም፤ አምስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ሲሄድ ግን እረኛ ጎደለ። ስሌቱን ክፉ ነው ማለት አይቻልም። መልስ የሚፈልግ ስሌት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የማይታየው ነው። በዚያ ፖሊሲ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ልጅ መድገም ቀርቶ በቀጥታ እንዲያልፍ ተደረገ። ሐሳቡ በየቀኑ እየተከታተሉ ማስተማር ነበር፤ ሰባና ሰማንያ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ክትትሉ ቀረና ማለፉ ብቻ ቀረ። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች የንባብ ችሎታ ሲፈተሽ፣ ከሁለተኛ ክፍሎቹ ብዙዎቹ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከእነዚያ ልጆች ብዙም የማይርቁ ታናናሾቻቸው ናቸው ለ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና የቀረቡት፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ ተባለና አገር ጉድ አለ። ጉዱ የተሠራው 12ኛ ክፍል ላይ አይደለም። እስከ አራተኛ ክፍል ልጁ ማንበብ ይማራል፤ ከአምስተኛ ወዲያ አንብቦ ይማራል። ማንበብ ያልያዘ ልጅ አምስተኛ ክፍል ሲገባ ሳይንሱም፣ ታሪኩም፣ የሒሳቡ ጥያቄም በአንድ ቀን ይዘጋበታል። ሰነፍ ይባላል። ከዚያ መቅረት ይጀምራል።

ታዲያ ፊደል ያልቆጠረ ወላጅ ምን ያድርግ? አያቶቹ ያደረጉትን! ጮክ ብሎ እንዲያነብ ያድርገው። ማታ እሳት ዳር ‹‹ዛሬ የተማርከውን አንብብልኝ›› ይበለው። የሚነበበው ነገር ትርጉም ባይገባው እንኳ፣ የሚንተባተብና የሚፈስ ንባብ ለጆሮ ይለያል። ቀጥሎም ‹‹ምን ይላል?›› ብሎ ይጠይቀው፤ ልጁ በራሱ ቃል ካልነገረው አልገባውም ማለት ነው። እኛ ግን ሰኔ ላይ ካርድ ሲመጣ ‹‹ስንተኛ ወጣህ?›› ነው የምንለው። ከሰማንያ ልጅ አሥረኛ ወጣ ብለን ዶሮ እናርዳለን፤ ሰማንያውም ማንበብ ባይችሉ አንደኛ የሚወጣ ልጅ መቼም አይጠፋም። የሴት ልጅ እናት ደግሞ ትምህርት ቤቱ በር ያለው መጸዳጃ እንዳለውና እንደሌለው ሄዳ ብታይ፣ በመንገድ አብረዋት የሚሄዱ ሁለት ልጆች ብታገኝላት፣ ከደብተሩ የማይተናነስ ነገር ገዛችላት ማለት ነው።

መምህራኑም ቢሆኑ ወላጅን የሚጠሩት ልጁ ሲያጠፋ ወይም መዋጮ ሲፈለግ ነው። አራተኛን የጨረሱ ልጆች ወላጆች ሰኔ ላይ አንድ ጠዋት ቢጠሩ፣ ከመስከረም ወዲያ ምን እንደሚመጣ ቢነገራቸው ምን ይከብዳል? ስምንተኛ ክፍል ያለ አንድ ልጅ ለአንድ አምስተኛ ክፍል ልጅ ቢሰጥ፣ እንደ ቀድሞው ቢያስቀጽለው፣ በጀት አይጠይቅም።

በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ፖሊሲ ሲጸድቅ ዞረን ወደ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ተመለስን። ሰባተኛና ስምንተኛ ‹‹መካከለኛ ደረጃ›› ተባሉ፤ የስድስተኛ ክፍል ፈተናም ተመለሰ። አካባቢ ሳይንስ እስከ ስድስተኛ ይዘልቃል። መሻገሪያው እንደገና ሁለት ዓመት ወደፊት ተገፋ እንጂ አልጠፋም፤ ልጁ ያው ነው፣ ዕድሜውም ያው አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ነው። የደቡብ ጎንደር ልጆች ደግሞ ሌላ ዕዳ አለባቸው። በመጋቢት 2012 ኮሮና ትምህርት ቤት ዘጋ። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ጋይንት ድረስ ዘለቀ። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ልጆች ዓመት እየቆጠሩ ቤት ቀሩ። ሲመለስ አሥራ አራት ዓመት ሞልቶት አምስተኛ ክፍል የሚቀመጥ ልጅ ይኖራል፤ ከጎኑ የአሥር ዓመት ልጅ። እሱን ‹‹ስንተኛ ክፍል ነህ?›› ብሎ በሰው ፊት መጠየቅ ራሱ ከደጁ ሊመልሰው ይችላል።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ሰውየው ስምንት ደብተር አስቆጥሮ ብሩን ሊያወጣ ሲል፣ ባለሱቁ ዕቃ ሊጠቀልልበት ያስቀመጠውን አሮጌ ጋዜጣ አነሣሁና ለልጁ ‹‹እስቲ ይህቺን መስመር አንብብልኝ›› አልኩት። እንዲያው ለጨዋታ ነበር። ልጁ ጋዜጣውን ተቀብሎ ዝም አለ። ‹‹አንብብለት እንጂ!›› አለ አባቱ በኩራት። ልጁ ጣቱን ከፊደሉ ላይ አሳረፈ፤ አንድ ፊደል ጠራ፣ ሁለተኛውን ጠራ፣ ሦስተኛው ላይ ቆመ። ላብ አጠመቀው። እኔ በሆዴ ምነው አፌን በቆረጠው አልኩ።

አባትየው አልተቆጣም። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ልጁን ሲያየው ቆየና ‹‹አራት ዓመት ሙሉ የሚያነብ መስሎኝ…›› አለ። ከዚያ ከስምንቱ ደብተሮች ሦስቱን ለባለሱቁ መለሰለትና፣ በተረፈው ገንዘብ ጋዜጣውን ይሸጥለት እንደሆነ ጠየቀው። ባለሱቁ በነፃ ሰጠው። ሰውየው አጣጥፎ ከጋቢው ሥር ሸሸገው። ‹‹መንደራችን የኔታ አሉ፤ መስከረም እስኪጠባ ከሳቸው ይውላል፤ ማታ ማታ ደግሞ ይቺን ለኔ ነው የሚያነብልኝ›› አለኝ፤ ልጁን ከፊት አስቀድሞም ወደ መናኸሪያው ወረደ።